ናፍጣን ገዝቶ ስለ ማኖር

ሰው ለነገ ብሎ የሚያኖረው ነገር ሁሉ የየራሱ ጠላት አለው። እህልን ነቀዝ ይበላዋል፤ ቅቤን ሙቀት ያበላሸዋል፤ ማርን ጉንዳን ይወረዋል፤ ልብስን ብል ይበላዋል። ስለዚህ አባቶች ለእህሉ ጎተራ፣ ለቅቤው ቅል፣ ለማሩ ጋን አበጁለት፤ ልጆቻቸውም አያያዙን ማንም ሳያስተምራቸው በማየት ብቻ ወረሱት። ናፍጣ ግን በዚህ ርስት ውስጥ አልተቈጠረም። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቅርብ ዘመን ነውና፣ ጎተራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ጠላቱም ማን እንደ ሆነ ከአያት የመጣ ሥርዓት የለውም። ብዙ ሰውም እንደ ውኃ ቈጥሮ በተገኘው ዕቃ ይቀዳዋል፤ በተገኘውም ስፍራ ያስቀምጠዋል።

ቃሉ ግን ከነገሩ ቀድሞ የገባ ነው። ነፍጥ የሚባለው የጠመንጃ ስም ከዐረብኛ እንደ መጣ፣ በዚያም ቋንቋ ከምድር የሚወጣ የሚነድ ዘይት ማለት እንደ ሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ናፍጣም ከዚሁ ሥር የበቀለ ቃል ነው። በግሪክኛው መጽሐፈ ዳንኤል ደግሞ የባቢሎን እቶን የነደደባቸው ነገሮች ሲቈጠሩ ናፍጣ ከዝፍትና ከጭራሮ ጋራ ተጠርቶ ይገኛል። እንግዲህ ነፍጥና ናፍጣ ወንድማማች ናቸው። ነፍጡን ልጅ እንዳይነካው ከፍ አድርጎ የሚሰቅል ሰው፣ የነፍጥን ወንድም በጓዳ በር አጠገብ ክዳኑን ሳይገጥም ሲያሳድረው መታየቱ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ናፍጣን ለሥራ ያበቃው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወላጆች በፓሪስ ተወለደ፤ በ1897 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ሞተሩ በሚገባ ሠርቶ ታየ። የዚህ ሞተር ጥበብ እሳት የሚጭር ብልጭታ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። አየሩን በብርቱ ጨቁኖ ያግለዋል፤ ናፍጣው በጋለው አየር ላይ በደቃቁ ሲረጭ በራሱ ይነድዳል። የሚረጭባት ቀዳዳ ግን ከመርፌ ቀዳዳ ትጠባለች። ስለዚህ ጥቂት ውኃ ወይም ጥቂት ትቢያ ብዙ ብር የወጣበትን ሞተር ሊያቆመው ይችላል። ይህን የተረዳ ሰው፣ በርሜሉን በንጽሕና መጠበቅ ሞተሩን መጠበቅ እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አያሻውም።

ይህ ናፍጣ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ቀድሞ በአሰብ የነበረው ማጣሪያ ድፍድፉን ዘይት እያጣራ ያቀርብ ነበር፤ እርሱም በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ከተነሣ በኋላም የአሰብ መንገድ ስለ ተዘጋ፣ የተጣራው ናፍጣ በጅቡቲ ወደብ እየወረደ፣ በቦቴ መኪና እየተጫነ፣ በረሓውንና ዳገቱን አልፎ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ሆነ። መንገዱ ይህን ያህል ሲረዝም፣ በሩቅ ስፍራ የደረሰ እንቅፋት በከተማ ማደያ ደጅ ሰልፍ ሆኖ ይታያል። የዋጋውም ነገር ቀላል አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ይህም ከሌላው ብሶት ጋራ ተደርቦ ከጥቂት ወራት በኋላ ለተደረገው የመንግሥት ለውጥ አንዱ መነሻ ሆነ። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም መንግሥት ይሰጥ የነበረውን ድጎማ በየደረጃው ማንሣት ስለ ጀመረ ዋጋው ደጋግሞ ከፍ ብሏል።

ኮልፌ ቀራንዮ የአዲስ አበባ የምዕራብ በር ነው። በአየር ጤና በኩል የሚያልፈው የጅማ መንገድ ወደ ሰበታና ወደ ወልቂጤ ይወስዳል። በዚህ መንገድ ቤታቸው በከተማ፣ ሥራቸው በገጠር የሆነ ሰዎች ይመላለሳሉ፤ አንዱ ወፍጮ፣ አንዱ የመስኖ ሞተር፣ አንዱ ትራክተር አለው። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ቀበሌ ወፍጮው በኤሌክትሪክ ይዞራል። ነገር ግን ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ መስመሩ ያልተዘረጋበት የገጠር ስፍራ ገና ብዙ ነው፤ በዚያም ናፍጣ ሲያልቅ ወፍጮው ይቆማል።

ወፍጮ ሲቆም ምን እንደሚሆን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። ሞተር ሳይመጣ በፊት እናቶች ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሰው፣ የቤተ ሰቡን ዱቄት በክንዳቸው ይፈጩ ነበር። ዛሬም ናፍጣ በጠፋበት ቀን፣ ጤፏን በጀርባዋ አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘች ሴት ወፍጮ ቤቱን ተዘግቶ ታገኘዋለች፤ ያንኑ ሸክም አዝላ ትመለሳለች። ስለዚህ ባለ ወፍጮው ናፍጣ አጠራቅሞ ለማኖር ማሰቡ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሒሳቡም ይህንኑ ያሳያል። 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ይፈጃል። በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ ከ20 እስከ 25 ሊትር ማለት ነው፤ 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ከ8 እስከ 10 ቀን ያቆየዋል። በየዐሥር ቀኑ ከተማ ወጥቶ ከመሰለፍ የወሩን አንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል ቢል ትክክል ነው።

ነገር ግን አገዛዙ ሕግ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማደያ ክፍያ በስልክ እንዲፈጸም ታዝዟል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ነዳጅን ያለ ፈቃድ የሚነግደውንና የሚደብቀውን በገንዘብም በእስራትም ይቀጣል። ስለዚህ በበርሜል መግዛት የሚሻ ባለ ወፍጮ አስቀድሞ ለምን ሥራ፣ ስንት ሊትር፣ ወዴት እንደሚወስድ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይዞ፣ ደረሰኙን ከናፍጣው ጋራ አብሮ ሊያስጉዝ ይገባዋል። ይህ ድካም የሰለቸው ሰው ከመንገድ ዳር ጀሪካን ደርድሮ ከሚሸጠው ይገዛል፤ እዚያ ግን የሚከፍለው ዋጋ ሁለት ነው፤ አንዱን ዛሬ ለሻጩ፣ ሁለተኛውን ነገ ለሞተር ጠጋኙ። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሞተሩን የሚያለሰልሰው ቅባት ይጎድለዋል፤ ቤንዚን የተቀላቀለበትም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባልታሰበ ጊዜ እሳት ይጠራልና። የገዢ መከላከያው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ በርሜል ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር ነው፤ ውኃ ካለበት ውኃው ከናፍጣ ይከብዳልና ጠዋት ከጠርሙሱ ሥር ተኝቶ ይገኛል። ልኩን ለማወቅም ሚዛን አለ፤ አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናልና፣ 200 ሊትር የበርሜሉ ክብደት ሳይቈጠር 168 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት።

ናፍጣው ቤት ከገባ በኋላ ሁለቱ ጠላቶቹ ውኃና እሳት ናቸው። ሰው እሳቱን ይፈራል፤ ውኃውን ግን ይንቃል። ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑ ግን ፀሐዩ ብርቱ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ በርሜል በዚህ ጊዜ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፤ ሌሊት ሲበርድ እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። በውኃውና በናፍጣው መካከልም በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፤ ጥቁር ዝቃጭ ሆነው ፊልትሮውን ይዘጋሉ። ስለዚህ በርሜል ሙሉ ሊሆን ይገባዋል፤ ነገር ግን እስከ አፉ አይሞላም፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ቢጨምር 200 ሊትሩ ከ3 ሊትር በላይ ያብጣልና። የቆመ በርሜል በአንድ ወገን ጥቂት ድጋፍ ተደርጎለት ይዘነብላል፤ የክረምት ዝናብ በክዳኑ ዙሪያ እንዳያቁር ነው። የሚቀዳበት ቱቦ ከሥሩ ጥቂት ጣት ከፍ ይላል፤ ዝቃጩ ከታች ነውና። በዚንክ የተለበጠ ዕቃ ለናፍጣ አይሆንም፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋራ ተዋሕዶ ያበላሸዋልና። ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ ይቀዳል፤ ከዓመት በላይ የቆየም አይታመንም። በርሜሉ ላይ የተገዛበትን ቀን በቀለም መጻፍ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከጕድጓድ ውኃና ከምንጭም ይራቅ፤ ጥቂት የፈሰሰ ናፍጣ ብዙ ውኃ ያበላሻልና።

ስለ እሳት ሲነገር፣ ናፍጣ ከቤንዚን ይልቅ ታጋሽ እንደ ሆነ እውነት ነው። ቤንዚን በብርድ ጊዜም እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ትነቱ በክብሪት አይያዝም። ይህ ትዕግሥት ግን ወሰን አለው። በጨርቅ ላይ የፈሰሰ እንደ ጧፍ ክር ይነድዳል፤ ምድጃ አጠገብ የሞቀ በርሜልም ትዕግሥቱን ያጣል። ባዶው በርሜል ደግሞ ከሙሉው ይልቅ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ፤ ናፍጣው ሲያልቅ ትነቱ አያልቅምና። ሳይታጠብ በብየዳ እሳት ሲቈረጥ የፈነዳ ባዶ በርሜል የሠራተኛውን ሕይወት ያጠፋል። የነደደውን ናፍጣ በውኃ ለማጥፋት መሞከር እሳቱን ማስፋት ነው፤ አሸዋ አስቀድሞ በአጠገቡ ይዘጋጅ። ቱቦን በአፍ መሳብም የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ናፍጣ ሊገድል ይችላል፤ የዋጠውንም ሰው ማስመለስ ጕዳቱን ያብሳል እንጂ አያድነውም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ግን ብቻውን የማይፈታው አንድ ነገር አለ። በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር አንድ ባለ ወፍጮ ሁለት በርሜል ናፍጣ በግቢው አጥር ጥግ አኖረ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ አንዲት አሮጊት እንጀራ ጋግረው የሚያድሩበት ማድ ቤት ነበረ። አሮጊቷ አንድ ቀን ቡና ጠርተውት፣ «ልጄ፣ በርሜሉ የአንተ ነው፤ አጥሩ ግን የሁለታችን ነው» አሉት። እርሱም፣ «እማማ፣ አይሥጉ፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፤ በቀላሉ አይነድም» ብሎ መለሰ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እውነትህን ይሆናል። አንተ ስለ ናፍጣው ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ ስለ ምድጃዬ አውቃለሁ። ስታመጣው ግን ሁለታችን አልተነጋገርንም» አሉት።

ሰውየው የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን መልስ አልነበረም። የወፍጮው ትርፍ የእርሱ ብቻ ነው፤ ናፍጣውም የእርሱ ብቻ ነው፤ እሳቱ ቢነሣ ግን የሰፈሩ ሁሉ ነው። ቤት ለቤት ተጣብቆ በሚኖርበት ከተማ፣ አንድ ሰው ለራሱ ጥቅም የሚያኖረው አደጋ ካልተጠየቀ ጎረቤት የተወሰደ ብድር ነው። ባለ ወፍጮው በሳምንቱ በርሜሎቹን ወደ ገጠር አወጣ፤ ከወፍጮ ቤቱ ራቅ አድርጎ ጣሪያ ሠራ፤ ቢፈስ የሚያቁርበት የዐፈር ግድብ በዙሪያው አበጀ፤ ለጥበቃም ሰው ቀጠረ። ይህ ሁሉ ወጪ አስወጣው፤ በመጀመሪያው ክረምትም ከጥበቃው ዐይን አምልጦ ጥቂት ጀሪካን ናፍጣ ተሰረቀበት። ትክክለኛው ስፍራ ርካሹ ስፍራ አልሆነለትም።

ከዚህ የሚበልጥ ፈተና ደግሞ በእጥረት ጊዜ ይመጣል። ማደያው ሲደርቅ በየመጋዘኑ ሁለት ዓይነት በርሜል ይገኛል፤ አንዱ እህልን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ዋጋን ይጠብቃል። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንድ ብረት፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ሽታ። ባለቤቶቻቸውም ሁለቱ «ለክፉ ቀን ያኖርሁት ነው» ይላሉ። የሚለያቸው መዝገብ ነው። የገባውን ሊትር፣ የወጣውን ሊትር፣ የተፈጨውን ኩንታል በየቀኑ የጻፈ ሰው፣ ናፍጣው ወዴት እንደ ሄደ ለተቈጣጣሪም ለጎረቤትም ለራሱም ሊያሳይ ይችላል። በእጥፍ ዋጋ እገዛሃለሁ የሚል ነጋዴ በመጣበት ቀን፣ ያ ሰው መዝገቡን ገልጦ ከፊቱ ተሰልፈው የሚጠብቁትን የእህል ጆንያዎች ይቈጥራል። መዝገብ የሌለው ሰው ግን የሚቈጥረው ብሩን ብቻ ነው፤ በዚያችም ቀን ሴቲቱ ጤፏን አዝላ ትመለሳለች።

እንግዲህ ናፍጣን ማኖር የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃዱን ያውጣ፤ በጠርሙስ ፈትኖ ይግዛ፤ ከምድጃና ከውኃ አርቆ፣ ከጎረቤት ጋራ ተማክሮ ያኑር፤ ቀኑን በበርሜሉ፣ ሒሳቡን በመዝገቡ ይጻፍ። ከሚያስፈልገውም በላይ አያከማች። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶች ናፍጣን አላዩም፤ ምክራቸው ግን ለናፍጣም ይበቃል።