ራስጌና ግርጌ

አልጋ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ ስልኩን ያወጣል። ፎቶው ላይ የሚታየው ራስጌው ብቻ ነው፤ እግሩ በአልጋ ልብስ ተሸፍኗል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። አናጢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና፣ «ይሄ ግድግዳ ነው። አልጋው የታለ?» አሉኝ።

*

ልክ ሲነገር ሜትር ከሃያ፣ ሜትር ከሃምሳ፣ ሜትር ከሰማንያ ነው። ሜትር ከሰማንያ ካላሠራሁ ብሎ ድርቅ ያለ አንድ ወዳጄ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው የደረሰው። አልጋው ከገባ ወዲህ የቁምሳጥኑ በር የሚከፈተው በግማሽ ነው።

*

«ዋንዛ ነው?»

«የዋንዛ ቀለም ነው።»

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከገበሬው ማሳ የሚመጣው ዋንዛ እንዳለ ሆኖ፣ ባሕር ዛፉም ኤምዲኤፉም ዋንዛ ሆኖ ማደር የሚፈልግበት ዘመን ላይ ነን። ቀለሙ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ደረሰኙ ላይም «ዋንዛ» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

*

ቫርኒሽ ሳይነካው የእንጨቱን መልክ ማየት ሲያምረኝ አናጢው አውራ ጣታቸውን ላስ አድርገው የተላገው ጣውላ ላይ አሹት። ጣት የምታህል ቦታ ጠቆረች፤ ውስጧ ያለው መስመር ብቅ አለ። «ሲቀባ ይሄን ይመስላል፤ ሳይደርቅ እያት።» ደረቀች፣ ጠፋች። ከዚያ ሦስት ዓይነት ቀለም ጎን ለጎን ሞከሩልኝ፣ በጎኑ ጣውላ ውስጠኛ ፊት ላይ። ጥቁሩን መረጥሁ። «አቧራውን ሁሉ ያሳይሃል» አሉኝ፤ አልሰማሁም።

*

በብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር አቋርጦ የፈተገ ረዳት ጥፋቱ የዚያን ቀን አይታወቅም። ቀለም ሲቀባ ነው ጭረቱ እንደ ድመት ጥፍር ብቅ የሚለው። ያኔ ረዳቱ ምሳ ወጥቷል።

*

ጌጡን አንድ ሳምንት ተነጋገርንበት፤ አበባ ይሁን፣ የላሊበላ መስቀል ይሁን፣ ልሙጥ ይሁን። ማታ ማታ አልጋውን የሚያስጮኸውን መጋጠሚያ፣ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

*

የድሮው የጠፍር አልጋ ቫርኒሽ አያውቅም። ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ራሱን ያጠብቃል። ሲላላ እንደገና ይወጠራል እንጂ «አዲስ ዲዛይን መጥቷል» ተብሎ አይጣልም።

*

ዙፋንን አልጋ ያልን ሰዎች ነን። ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲባሉ የወረሱት መኝታ አልነበረም። ዛሬ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካለው ሙዚየም የሚገባ ሰው ግን ዙፋኑን ሳይሆን መኝታ ቤታቸውን ያያል። ሆቴል በር ላይ ደግሞ «አልጋ አለ?» እንላለን፤ ክፍል ማለታችን ነው። ሆስፒታል «አልጋ የለም» ሲል ግን ማንም ትርጉም አይጠይቅም።

*

«ቅዳሜ ይደርሳል» ተብዬ ነበር። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።

*

ሊፍት በሌለው ፎቅ አራተኛ ላይ በቁርጥራጩ ወጣ፤ ብሎኑን ያሰርነው እኔና ጎረቤቴ ነን። የጎኑን ጣውላ ስናገላብጠው ሦስቱ የሙከራ ቀለሞች እዚያው አሉ። ጎረቤቴ መሐለኛውን በጣቱ ነካ አደረገና፣ «ምነው በዚህኛው ባስቀባኸው?» አለ።