ጅረት ዳር ቤት ሲሠራ፦ ከአፈር ሥራ የተማርኩት

«የአዲስ አበባ ወንዝ ድሮ ሞቷል፤ ምኑ ይጠበቃል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መሀል ከተማ ላለው የባንተይቅጡ ወንዝ ከሆነ አልከራከራቸውም። አዲስ ቤት የሚሠራው ግን መሀል ከተማ ብቻ አይደለም። የቤት ማኅበራትና አልሚዎች መሬት የሚያገኙት ዳር ዳሩን ነው፤ በየካ ተራራ ሥር፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ። ትልቁንና ትንሹን አቃቂ የሚመግቡት ጅረቶች የሚወርዱትም በዚያው በኩል ነው፤ ብዙዎቹ ላይ አሁንም እንቁራሪት ይጮኻል፣ ሸርጣን ከድንጋይ ሥር ይወጣል። የሳይት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ ከእነዚህ ጅረቶች አጠገብ የያዝኩትን ልንገራችሁ።

1. ጅረት የሚጎዳው ሰው ቤቱ ውስጥ ሳይገባ ነው።

ሁሉም የሚፈራው የመጸዳጃ ፍሳሽን ነው፤ መፍራቱም ልክ ነው። ነገር ግን ሳሩ ተገፎ፣ አፈሩ ተገልጦ መሠረት እስኪወጣ ያሉት ወራት ከዚያ ይብሳሉ። የከተማችን ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። የእኛ ልማድ ደግሞ ፈቃዱና ገንዘቡ ግንቦት ላይ ሲገጣጠም ዶዘር ማስገባት ነው። የተገለጠው አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ጅረት ውስጥ ገብቶ ያድራል። ስለዚህ ቁፋሮው ክረምት ሳይገባ የማያልቅ ከሆነ ጥቅምትን መጠበቅ ይሻላል። መጠበቅ ካልተቻለ ቦታውን ከፍሎ አንዱን ወገን ብቻ መግለጥ፣ የተገለጠውን በጭድ ማልበስ።

2. ዋልካ አይዘቅጥም።

ይህን ያስተማረኝ ወረቀት አይደለም። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር አፈር፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ተቆፍሮ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። ሲቆፈር ወደ ጅረቱ እንዳይወርድ ብለን በማዳበሪያ አሸዋ ሞልተን ቁልቁለቱ ላይ ብንደረድር፣ የውኃ ማረፊያ ጉድጓድ ብንቆፍር፣ አሸዋውና ጠጠሩ ይቀራል፤ ዋልካው ግን ከውኃው ጋር አብሮ ያልፋል። ማመን የፈለገ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ውኃ በሃይላንድ ቀድቶ ያሳድረው፤ ጠዋትም ደፍርሶ ያገኘዋል። ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለቀናት ተንሳፍፎ ይቆያል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያውኑ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ።

ተቆፍሮ የወጣውስ ወዴት ይሄዳል? እዚህ ላይ ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍናለን። የገልባጭ ሹፌር የሚከፈለው በቢያጆ ነው፤ ርቆ በሄደ ቁጥር ነዳጁም ጊዜውም የራሱ ኪሳራ ነው። ማታ ማታ የቅርቡ ገደል ጫፍ ላይ ቢገለብጥ ማን ይፈርድበታል? ያ ገደል የጅረቱ ዳር ነው። ሹፌሩን ከመስደብ ይልቅ ክፍያውን ማስተካከል ሠርቶልኛል፦ ገንዘቡ የሚከፈለው ተረካቢው ቦታ ላይ በተፈረመ ቲኬት ብቻ ነው፤ ርቀቱም በዋጋው ውስጥ ይታሰባል። የኪዩብ ዋጋ ከፍ ይላል። ይበል።

3. ከመቆፈርህ በፊት ድንጋይ ገልብጥ።

የውኃ ላብራቶሪ ለሌለው ሰው ከዚህ የሚሻል ምርመራ አላውቅም። ጅረቱ ውስጥ ገብተህ የጭብጥ ሁለት እጥፍ የሚያህል ድንጋይ ታነሣለህ፤ ከሥሩ ገጽ ላይ ጠፍጣፋ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ጭራ የነፍሳት እጭ ተጣብቆ ከታየ ውኃው ጤነኛ ነው፤ አየር ይበቃዋል። ቀይ ትልና አልቅት ብቻ ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል። ከሳይቱ በላይና በታች ማየት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ማየት፣ በስልክ ፎቶ ማንሣት። «ከእኛ በፊት የተበላሸ ነው» የሚል ተቋራጭ ፎቶ ፊት ለፊት ሲቀመጥለት አነጋገሩ ይለወጣል።

ድንጋይ ቤት የሆነው ለነፍሳት ብቻ አይደለም። በአዋሽ ተፋሰስ ጅረቶች ውስጥ አገጩ ሥር መጣበቂያ ያለው ትንሽ ዓሣ አለ፤ በጎርፍ እንዳይወሰድ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ ከድንጋዩም አረንጓዴ አልጌ እየፋቀ ይበላል። ድንጋዩን ጭቃ ካለበሰው መለጠፊያውም ምግቡም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይና አሸዋ ከጅረቱ መልቀምን ፈጽሞ ከልክሉ፤ ሠራተኛው «ነፃ ነው» ቢላችሁም።

4. የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ቆሻሻ አይደለም።

«የሌባ መደበቂያ ነው፣ ይመንጠር» የማይል የማኅበር ኮሚቴ አላጋጠመኝም። ቁጥቋጦው ሥሩ ዳሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ለነፍሳቱ ምግብ ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ጥላ ይሰጣል። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ለእኛ ዓሣ ጥላ ትርፍ ነገር አይደለም። ዶዘር ከመግባቱ በፊት ካስማ ተክሎ ገመድ መዘርጋት፤ ከገመዱ ወዲያ ማሽንም አሸዋም አይገባም።

5. የሲሚንቶ ውኃ መርዝ ነው።

ሚክሰርና አካፋ የታጠበበት ውኃ ፒኤቹ ከ12 ይበልጣል፤ ዓሣ ከ9 በላይ ሲሆን ይጎዳል። ላስቲክ የተነጠፈበት የማጠቢያ ጉድጓድ ቆፍሩ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው።

6. መሻገሪያ ሲሠራ ትቦው አፉ ተንጠልጥሎ ከቀረ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ከተቻለ ወለሉን እንደነበረ የሚተው ትንሽ ድልድይ፤ ካልተቻለ ትቦው ከጅረቱ ወለል ዝቅ ብሎ ይቀበር።

7. ወረቀቱን ስካቫተር ኦፕሬተሩ አላነበበውም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ቆይቷል። የጥናት ሰነዱ ብዙ ጊዜ ቢሮ ሼልፍ ላይ በክብር ተቀምጧል፤ ባልዲውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ካስማው ለምን እንደተተከለ የነገረው የለም። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ኦፕሬተሩንና ፎርማኑን ጅረቱ ድረስ ወስጄ ድንጋዩን እገለብጥላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ገመዱን የሚጠብቁልኝ እነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የገጠር ልጆች ስለሆኑ ጅረት ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

ሰው ከገባ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። ግቢውን ጥግ እስከ ጥግ በሴራሚክ የሚያለብስ ነዋሪ ጣሪያው ላይ የወረደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጅረቱ ላይ ይለቃል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የተፋሰሱ 10 በመቶ ገደማ ውኃ በማያሰርግ ነገር ሲሸፈን የጅረት ጤና መዳከም እንደሚጀምር አሳይተዋል። አሸንዳውን ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ማዞር፣ ግማሹን ግቢ ሳር መተው ለማንም አይከብድም።

የቤት ማኅበር ኮሚቴ የሆናችሁ፣ ከአፈር ሥራ ተቋራጭ ጋር ስትዋዋሉ ሁለት ነገር በውሉ ይጻፍ፦ የሚወጣው አፈር የሚደፋበት ቦታና አፈር የማይገለጥባቸው ወራት። ሳይጻፍ ከፈረማችሁ ክረምት ላይ ተቆጣጣሪውን አትጥሩት፤ በእጁ የሚይዘው ነገር የለውም።