የጤፉ ብረት የት ሄደ?

ጤፍ ሲነሳ ደረቱን የማይነፋ ያገራችን ሰው ጥቂት ነው። «ጤፍ ብረት ነው፤ ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» ሲባል ከገበያ እስከ ካፌ፣ ከሬዲዮ እስከ ጋዜጣ ሰምተነዋል። እንደኔ ጊንጪ አካባቢ ጤፍ ሲታጨድና ሲወቃ እያየ ላደገ ሰው ደግሞ ነገሩ የክብር ጉዳይ ነው።

ታዲያ ውድ አንባቢያን፣ ጤፍ ይህን ያህል ብረት ካለው የደም ማነስ በየቤቱ ለምን ሞላ? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2011 ቁጥሩ 17 በመቶ ነበር። እርግጥ የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም፤ ወባም፣ የአንጀት ትላትልም፣ ሌላም አለ። የብረት እጥረት ግን ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ያደረገኝ የራሴ ደም ነው። ባለፈው ጥቅምት ደም ለመለገስ ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። ጣቴን ወጋ አድርገው ለኩና «እህቴ፣ ላንቺም አልበቃሽ፤ ሄደሽ ተመርመሪ» አሉኝ። ሄሞግሎቢኔ 10.9 ነበር፤ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲሆን ማነስ ይባላል። ቀጥሎ አዲስ አበባ ስሄድ ፌሪቲን የሚባለውን ምርመራ አሠራሁ፤ 8 ሆነ። ፌሪቲን የብረት ጎተራችን ልኬት ነው በሉት። በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ጎተራው ተሟጧል ማለት ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ለምን እንደሚመታ ያኔ ገባኝ።

ከዚያማ ምክር ዘነበ። አንዷ የዶርም ጓደኛዬ «ቀይ ሥር ብዪ፤ ቀይ ነገር ደም ይሆናል» አለች። ሌላዋ «አምቦ ተቀምጠሽ! ውሃውን ጠጪ እንጂ፣ ማዕድን ነው እኮ» አለችኝ። አምቦ ውሃ ማዕድን እንዳለው እውነት ነው፤ ግን ከነዚያ አንዱ ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ደግሞ ሲበዛ ብረትን ይሻማል። እናቴ በስልክ የጠየቀችኝ ከሁሉም ይበልጥ ከነከነኝ፦ «የኔ ልጅ፣ በጤፍ አድገሽ እንዴት ደም ያንስሻል?»

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና የእናቴን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። በተለያዩ ጥናቶች በ100 ግራም ቀይ ጤፍ ውስጥ ተለካ የተባለው ብረት ከ11 ሚሊግራም ገደማ ይነሳና ከ150 በላይ ይደርሳል። እንዴ! አንድ እህል እንዴት ይህን ያህል ይለያያል? ተመራማሪዎች መልሱን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲናገሩ ኖረዋል፦ አብዛኛው ልዩነት የመጣው ከእህሉ ሳይሆን ከአውድማው ነው። ጤፍ መሬት ላይ ተበትኖ በሬ ሲያበራየው አፈር ይቀላቀልበታል፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ በቀላሉ አይለቅም፤ አፈር ደግሞ በተፈጥሮው ብረት አለው። ጤፉ በደንብ ታጥቦ ሲለካ ብረቱ ወደ ሌሎቹ እህሎች ይጠጋል። ከአፈሩ ብረትም አንጀታችን የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። እኛ ግን ትልቁን ቁጥር ይዘን ስንኮራ ኖርን።

ሁለተኛው ነገር፣ አፍ የገባ ሁሉ ደም አይገባም። ከሥጋ ከምናገኘው አንዱ የብረት ዓይነት ሰውነታችን ከ15 እስከ 35 በመቶ ሊወስድ ይችላል። ከእህል፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የሚወስደው ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱን አንቆ ይይዘዋል። ደግነቱ የእንጀራ እርሾ ከዚህ ፋይቴት የተወሰነውን ይሰብራል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። ቫይታሚን ሲም ብረቱን ያግዛል። ጾም ላይ እንኳ ብንሆን ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ከጎኑ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ ማስከተል ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ችግሩ ቡና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና የሚወሰደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጎዳም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። እኛ ቤት ደግሞ ምሳ ሳይነሳ ነው ረከቦቱ የሚቀርበው! እናቴን «ቡናው ከምሳ በፊት ይቅደም» ስላት «በባዶ ሆድ ቡና? ኧረ ወዲያ!» አለችኝ። በመጨረሻ ቁርስና ምሳ መሃል እንዲሆን ተስማማን።

እንዲያም ሆኖ ጎተራው ባዶ ከሆነ ምግብ ብቻውን ቶሎ አይሞላውም። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ፌረስ ሰልፌት ነው፤ አንዱ ክኒን 60 ሚሊግራም ያህል ብረት ይዟል። በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለልኩ እንድውጥ ነገረኝ። ምክንያቱም አንድ ክኒን ሲዋጥ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ከጉበት ይወጣና ለአንድ ቀን ያህል በሩን ያጠብባል፤ በማግስቱ ከተዋጠው የሚገባው ይቀንሳል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ብረት ባነሳቸው ወጣት ሴቶች ላይ ይህንኑ አይተዋል፦ በየቀኑ ሲወሰድ 16 በመቶ፣ በየሁለት ቀኑ ሲወሰድ 22 በመቶ ገደማ ደም ገባ። ከወር በኋላ ሄሞግሎቢኔ 11.8 ደረሰ። «በቃ ድኛለሁ» ልል ስል ሐኪሙ «ደሙ ቀድሞ ይሞላል፤ ጎተራው ገና ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር ቀጥዪ» አለኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ እኔ ብቻ አይደለም። ጉደር የምትኖረው ታላቅ እህቴ እርጉዝ ናት። በጥር ልጠይቃት ስሄድ ብረትና ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒኗ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ለምን አትውጪውም?»

«ሰገራዬን አጠቆረው፤ ፈራሁ። ጎረቤቶቼም ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብሻል አሉኝ። ደግሞ ጤፍ እየበላሁ ምን ይጎድልብኛል?»

የጠቆረው አንጀት ያልወሰደው ብረት መሆኑን፣ ክኒኑ ጽንሱን እንደማያገዝፍ፣ እርጉዝ የምትወስደው እንደኔ እየዘለለች ሳይሆን በተነገራት መሠረት በየቀኑ መሆኑን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ሲሰጡኝ ይሄን ማን ነገረኝ?» አለች።

የእህቴ ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። ክኒኑ ጉደር ደርሷል፤ ያልደረሰው ወሬው ነው። ወሬ ማድረስ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ ስለ ጤፍ ፕሮግራም ሲሠራ «በብረት የበለጸገ» ብሎ ከማለፉ በፊት እህሉ ታጥቦ ነው የተለካው ወይስ ከነአፈሩ ብሎ ይጠይቅ። ያንን ፕሮግራም የምትሰማው ሴት ክኒኗ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሆናል።

እህቴ ክኒኑን ጀምራለች፤ ማታ ማታ በውሃ ትውጠዋለች፤ ትንሽ ልጅ ስላላትም ከፍ ያለ ቦታ ነው የምታስቀምጠው፤ ለሕፃን መርዝ ነውና። እንጀራውም እንደቀጠለ ነው፤ ሎሚ ብቻ ተጨመረበት። እሷ በሰኔ ትወልዳለች፤ እኔ በግንቦት ፌሪቲኔን ድጋሚ እለካለሁ።