ልክን ማወቅ

በቋንቋችን «ልኩን የሚያውቅ ሰው» ሲባል ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው ከችሎታው በላይ የማይመካ፥ ትዕቢት የሌለበት ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ግን አናጢ እንጨቱን፥ ሸማኔ ድሩን እንደሚያውቅ፥ የሚሠራበትን ነገር መጠን ለይቶ የሚያውቅ ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ትርጓሜዎች አንድ ሥር እንዳላቸው የተረዳሁት ከአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው።

ይህ ሞተር ብስክሌት አባቴ ሲሠራበት ኖሮ ያወረሰን ሲሆን፥ ሽሮ ሜዳ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ብዙ ዘመን ቆሞ ዝጎ ነበር። ስሙ ሞቶ ጉዚ ፋልኮኔ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በኢጣልያ አገር መሠራት የጀመረ ዓይነት ነው። ያለው አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ወደ ፊት የተጋደመ ነው። ቁራሌው በየጊዜው እየመጣ በኪሎ ሽጡልኝ ይል ነበር። እናቴም፥ «አባታችሁ እናንተን ያሳደገበት ነው፤ የሚነሣ ከሆነ አንሣው፥ የማይነሣ ከሆነ ግን ከፋሲካ በኋላ ቦታ አይያዝብን» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የሞተር ብሎን ፈትቼ አላውቅም።

ሞተሩ በእጅም በእግርም ቢሉት የማይነቃነቅ ሆኖ ነበር። የጎረቤት ሰው ሁሉ መዶሻ አምጣ ይለኝ ጀመር። አንድ አሮጌ መካኒክ ግን ነገሩን አስረዱኝ። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስቶን የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ፥ የተጣበቀውን በመዶሻ ቢመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ካንዴላውን ንቀልና በቀዳዳው ዘይትና ነጭ ጋዝ ቀላቅለህ አፍስስበት፤ ከዚያ ተወው» አሉኝ። እንደ ተባልሁት አደረግሁ። ማታ ማታ የሞተሩን መዘውር በቀስታ እየገፋሁ እሞክረው ነበር። በ13ኛው ቀን አንድ ጣት ያህል ዞረ።

ከዚህ በኋላ መፍታት ቀላል ነበር፤ መግጠሙ ግን ያስፈራል። አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን፥ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙ አባት፥ ብሎኖቹ በሳፋ ውስጥ ሲጠራቀሙ አይተው፥ «ልጄ፥ እኔ ድር ስዘረጋ ክሩን አልቆጥርም ብል፥ በኋላ ጨርቁ ራሱ ይቆጥርብኛል» አሉኝ። ከጥለት የተረፈ ባለ ቀለም ክርም ሰጡኝ። ቀዩን በሲሊንደሩ ብሎኖች፥ አረንጓዴውን በማርሹ፥ ቢጫውን በካርቡራተሩ ላይ አሰርሁ፤ የተፈታበትንም ተራ በደብተር ጻፍሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከፋሻው ነው። ፋሻ ማለት ፒስቶኑን የሚከብብና ጋዝ እንዳይሾልክ የሚያደርግ የብረት ቀለበት ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 88 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ ለዚህ ልክ የሚሆን ፋሻ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልጌ አገኘሁ። ቀለበቱ ግን ሙሉ አይደለም፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክፍተቱ ከጠበበ ብረቱ በሙቀት ሲያብጥ ጫፎቹ ይጋጠሙና ሲሊንደሩን ይፍቃሉ፤ ከሰፋም ጋዙ እየሾለከ ኃይሉ ይጠፋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፥ ፒስቶኑ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። ያ ሁሉ ጥድፊያ የሚጸናው እንግዲህ በዚህች በጥቂት ክፍተት ነው። ውፍረቷ በተጻፈባት ስስ የብረት ቅጠል እየለካሁ፥ በደቃቅ ሞረድ ጥቂት በጥቂት ሞረድሁት።

በሆሳዕና ዋዜማ ሞተሩ ተነሣ። ነገር ግን ጭሱ ጥቁር፥ ጉልበቱም ደካማ ሆነ፤ ካንዴላው በጥላሸት ተሸፈነ። የዚህም ምክንያት የአገራችን ከፍታ ነበር። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ስለ ሆነ፥ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትመጥነውን ቀዳዳ ጠበብ ባለች ሌላ ብንለውጣት ጭሱ ጠራ። እናቴ ድምፁን ሰምታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ምንም ሳትናገር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቁራሌውም ሌላ ጊዜ ሲመጣ ባዶ ጆንያውን ይዞ ተመለሰ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የቆመ ነገር ሁሉ ይነሣል አልልህም። የዚያ ሞተር ሲሊንደር ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ፥ ከኪሎ በቀር ዋጋ ባልኖረው ነበር። ነገር ግን ያንን ለማወቅ እንኳ መክፈትና መለካት ያስፈልጋል። መዶሻ የሚያነሣ ሰው መልሱን ከወዲሁ አውቄአለሁ ብሎ የተነሣ ነው፤ የሚለካ ሰው ግን አለማወቁን አምኖ ብረቱን ይጠይቃል፤ ሽማግሌውን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱንም ይጠይቃል። የራሱን ልክ ያላወቀ ሰው የሌላውን ነገር ልክ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ዝም ያለ ጓደኛ፥ አልገባህ ያለ ትምህርት፥ አልሠራ ያለ መሣሪያ ሲገጥምህ፥ ከመምታትህና ከመጣልህ በፊት ልኩን ፈልግ። ፈልገህ ብታጣው እንኳ፥ የራስህን ልክ ታገኛለህ።