አሮጌ አውቶሞቢል ስለ ምን ይወደዳል?

ሰው በእጁ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ዕድሜው በሦስት የተከፈለ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። በመጀመሪያው ዕድሜው አዲስ ይባላል፤ ያየው ሁሉ ይመኘዋል። በሁለተኛው ዕድሜው አሮጌ ይባላል፤ ባለቤቱ እንኳ ያፍርበታል፥ ከጓሮ ይጣላል፥ ዶሮ ይሰፍርበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሦስተኛው ዕድሜ ሲደርስለት ግን ጥንታዊ ተብሎ እንደገና ይከበራል፤ ትናንት የናቀው ሰው ዛሬ ገንዘብ ቈጥሮ ይፈልገዋል። ይህ ነገር በመጽሐፍ፥ በጌጥና በቤት ዕቃ ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለ አውቶሞቢል ነው። አውቶሞቢል ቶሎ የሚያረጅ፥ ባረጀም ቍጥር ወጪው የሚበዛ በመሆኑ፥ ሁለተኛውን ዕድሜ ተሻግሮ ወደ ሦስተኛው የሚደርሰው ከብዙው ጥቂቱ ነው። ታዲያ የሚሻገረው የትኛው ነው? ስለ ምንስ ይሻገራል?

ይህ ጥያቄ ጐልቶ የሚታየው በአሜሪካ አገር ነው። በዚያ አገር ከ1964 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ዐሥር ዓመት ያህል «ጡንቻማ» የሚል ስም የወጣላቸው አውቶሞቢሎች ይሠሩ ነበር። የሐሳቡ መሠረት ቀላል ነው፤ ለትልቅ አውቶሞቢል የሚሆነውን ብርቱ ሞተር በመካከለኛው ላይ ገጥሞ፥ በርከት ላለ ወጣት በሚቻል ዋጋ መሸጥ ነው። የፖንቲያክ ፋብሪካ በ1964 እ.ኤ.አ. ጂቲኦ የተባለውን ሲያወጣ 6.4 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ገጠመለት። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፎርድ ሙስታንግን በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ ለገበያ አቀረበ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም አንድ ሚሊዮን ያህል ተሠራ። ነገር ግን የኢንሹራንሱ ዋጋ እየናረ፥ የጭሱ ሕግ እየጠበቀ ሄደ፤ በመጨረሻም የ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ችግር ደረሰና ዘመናቸው ተዘጋ። ትናንት የተመኛቸው ሁሉ «ነዳጅ ጠጪ» እያለ ሸሻቸው። ብዙዎቹም ተጋጭተውና ዝገው ለቍርጥራጭ ብረት ዋጋ ሄዱ።

ከነዚህ ስለ አንዱ የሚነገረው ታሪክ መምህራንን ደስ ሳያሰኝ አይቀርም። በ1968 እ.ኤ.አ. «ቡሊት» በተባለው ፊልም ውስጥ ስቲቭ ማክዊን የነዳው አረንጓዴ ሙስታንግ፥ በ1974 እ.ኤ.አ. ለአንድ ቤተ ሰብ ተሸጠ። የቤቱ እመቤት መምህርት ነበሩና ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱበት ነበር። ዝነኛው ተዋናይ በ1977 እ.ኤ.አ. «መልሳችሁ ሽጡልኝ» ብሎ ቢጽፍላቸውም አልሰጡትም። ከዚያም አውቶሞቢሉ ተበላሽቶ ብዙ ዘመን ከጋራዥ ቆመ። በጥር ወር 2020 እ.ኤ.አ. በጨረታ ሲቀርብ ግን ዝገቱና ጭረቱ ሳይነካ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ቤተ ሰቡ ሀብት እናገኝበታለን ብለው ሳይሆን ስለ ወደዱት ብቻ በንቀቱ ዘመን አልጣሉትም።

የአንዳንዱ አውቶሞቢል ፈላጊ የሚበዛበትን ምክንያት ብንመረምር፥ የመጀመሪያው የሰው ዕድሜ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ በመስኮት ቆሞ የተመኘውን መግዛት ያልቻለ ልጅ፥ በሃምሳ ዓመቱ ገንዘብ ሲያገኝ አውቶሞቢሉን ብቻ ሳይሆን ያንን ዐሥራ ስድስት ዓመት ጭምር ለመግዛት ይሄዳል። ሁለተኛው ብርቅነት ነው። የፕሊመዝ ፋብሪካ በ1971 እ.ኤ.አ. ኩዳ የተባለውን ጣራው የሚከፈት አውቶሞቢል ሄሚ ከተባለው ብርቱ ሞተር ጋር አድርጎ የሠራው 11 ብቻ ነበር፤ ከነዚያ አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በዚያን ጊዜ ቍጥሩ ያነሰው ገዢ ስላልነበረው እንጂ ታስቦበት አልነበረም። ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ማን ነዳው፥ በየት አለፈ የሚለው ነው።

ብርቅነት ብቻውን ግን እንደማይበቃ ቮልስዋገን ምስክር ነው። ጥንዚዛ መሰሉ ቮልስዋገን በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ሥራው እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ይህን ያህል የበዛ ነገር ብርቅ ሊባል አይችልም፤ ጕልበቱም ከጡንቻማዎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም በብዙ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ እርሱ የተወደደ ጥቂት ነው። ስለዚህ አራተኛ ምክንያት ልንጨምር ይገባናል፤ ይኸውም በተራ ሰው እጅ ተፈትቶ በተራ ሰው እጅ የሚገጠም መሆኑ ነው። የማይጠገን ነገር የቱን ያህል ቢያምር ሁለተኛውን ዕድሜ አይሻገርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ አስቀድመን አንድ ነገር መለየት አለብን። በእኛ ዘንድ አሮጌ አውቶሞቢል ሁሉ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ዲኤክስ የምንለው የቶዮታ ኮሮላ ከተሠራ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም የሚሸጥበት ገንዘብ የባዕድ አገር ሰው ቢሰማው አያምንም። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አገልግሎት በሰጡ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። በአማርኛችን «ውድ» የሚለው ቃል ዋጋው ለበዛውም ለተወደደውም ያገለግላል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ዲኤክስ ዋጋው የበዛ ነው፤ ቮልስዋገን ግን የተወደደ ነው። የዲኤክስ ባለቤት የተሻለ ሲያገኝ ሳያመነታ ይለውጠዋል፤ የቮልስዋገን ባለቤት ግን የተሻለ ካገኘም በኋላ አሮጌውን ከግቢው አያወጣም። በአዲስ አበባ አሮጌ ቮልስዋገኖችን እየፈለጉ፥ ቀለም እየቀቡ፥ በበዓል ቀን ሰልፍ አሳምረው የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ ብዙዎቹም አውቶሞቢሉ በከተማው ሞልቶ በነበረበት ዘመን ገና አልተወለዱም ነበር።

እኛ በምንኖርበት በመቀሌ የዚህ ነገር ሥር ጠለቅ ያለ ነው። ከተማችን ከአስመራ በአዲግራትና በኵሓ አድርጎ በአላጌ በኩል ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው ጐዳና አጠገብ በመሆኗ፥ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ አንሥቶ የጣልያን ካሚዮን ሁሉ በደጇ ሲያልፍ ኖሯል። መጀመሪያ ፊያት 634 መጣ፤ ሕዝባችንም ከቍጥሩ መጨረሻ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ኋላም ጣልያኖች ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚሉት ፊያት 682፥ በእኛ አጠራር «ኤንትሬ»፥ ተተካ። ወራሪው ከሄደ በኋላ ቋንቋው በጋራዥ ቀረ። ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ባሌስትራ፥ ፖርቶመጋላ፥ ሊብሬና ቦሎ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከቃላቱም ጋር ሙያው ቀረ፤ ማኑዋል ያላነበበ፥ ነገር ግን ሞተሩን በጆሮው አዳምጦ ሕመሙን የሚያውቅ የመካኒክ ትውልድ በአስመራም በመቀሌም ተነሣ። ቮልስዋገን ለዚህ ትውልድ የተመቸ ነበር። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው አገራችን ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ በዳገት ላይ ራዲያተሩ ፈልቶ የቆመ መኪና ማየት የተለመደ ነው። የቮልስዋገን ሞተር ግን በነፋስ የሚበርድ ነውና የሚፈላ ውሃ የለውም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባለው የጦርነት ጊዜ በከተማችን የደረሰውን አንባቢ ያውቀዋል። በተለይም ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ነዳጅ ጠፋ፥ ባንክ ተዘጋ፥ ደመወዝና ጡረታ ተቋረጠ። ሰው በእግሩ፥ በብስክሌትና በጋሪ ይሄድ ነበር። ያለውን ሸጦ ያልበላ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው፤ በዚያ ቀን አውቶሞቢሉን ፈታትቶ የሸጠውን ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በጐረቤታችን ያሉ አንድ ጡረተኛ መምህር ግን ቮልስዋገናቸውን በአራት ድንጋይ ላይ አቆሙት። ጎማው እንዳይበላሽ አነሡት፥ ባትሪውን ፈቱት፥ ሞተሩም ደርቆ እንዳይጣበቅ በየሳምንቱ ፑሌጃውን በቍልፍ እየያዙ በእጃቸው ያዞሩት ነበር። ችግሩ ሲጠና ስኮርታ ጎማውን በማሽላ ለወጡት። የቀሩትንም አራት ጎማዎች የሚጠይቅ ሰው መጣ፤ ሌሊቱን ሁሉ ከባለቤታቸው ጋር ሲመካከሩ አድረው ጠዋት «አይሆንም» አሉት። ያን ቀን በቤታቸው ስለ ተበላው ነገር ጠይቀናቸው አናውቅም።

ሰላሙ ከተፈረመ በኋላ ነዳጅ ሲመጣ፥ የሠፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ካርቡራቶሩን አጥበው፥ ካንዴላውን በብረት ወረቀት ፍቀው፥ ሞተሩን በአንድ ከሰዓት አስነሡት። ይህ ወሬ ተሰማና ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። ትሕትና ያለው ልጅ ነበር።

«አባባ፥ ይሽጡልኝ። አሳምሬ እይዘዋለሁ፤ ዋጋውን እርስዎ ይቍረጡ» አላቸው።

«ልጄ፥ እንደምትወደው ዐይንህ ይናገራል» አሉት መምህሩ። «ነገር ግን ሲታመም ማን ያክምልሃል?»

«አዲስ አበባ ጋራዥ ሞልቷል፥ አባባ።»

መምህሩ ወደ መካኒኩ ዘወር ብለው ፈገግ አሉና፥ «እኒህን ሰውዬ ከነዕድሜያቸው ከገዛኸኝ መኪናውን መርቄ እሰጥሃለሁ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። መካኒኩ ግን አልሳቁም፤ የእጃቸውን ዘይት በጨርቅ እየጠረጉ «ዐይኔ ደክሟል፥ የካንዴላውን ክፍተት የምለካው በጥፍሬ ነው» ብቻ አሉ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ስንመለከተው ቀልድ አይደለም። በጋራዡ ውስጥ ሁለት ተለማማጆች አሉ፤ ብልሆች ናቸው፥ የዘመኑን መኪና በኮምፒዩተር ገጥመው ጉድለቱን ያነባሉ። ይህም ሊመሰገን የሚገባው ዕውቀት ነው፤ እንጀራቸውም ከዚያ ነው። ካርቡራቶር ለመማር ግን ማንም አልመጣም፤ እሳቸውም ያለ ክፍያ ልጅ አስቀምጦ የማስተማር ዐቅም የላቸውም። ስለዚህ በአሜሪካ አገር ሰብሳቢው ብረቱን እንዲያጣ ይፈራል፤ በእኛ ዘንድ ብረቱ አለ፥ የሚጠፋው እጁ ነው። ቮልስዋገኑ ሁለተኛውን ዕድሜውን በመምህሩ ትዕግሥት ተሻግሯል። ሦስተኛውን ግን ያለ መካኒኩ ሊኖረው አይችልም፤ ቀለሙ አምሮ ከግቢ የሚቆም ሐውልት ይሆናል እንጂ አውቶሞቢል አይሆንም።

የነገሥታቱ አውቶሞቢሎች ጠባቂ አላቸው፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኪናዎች በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ እንዲታዩ ሆነዋል። የመምህሩንና የነጂውን አውቶሞቢል የሚጠብቀው ግን ራሱ ሕዝቡ ነው። በመቀሌም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች፥ በሳምንት አንድ ከሰዓት እንኳ ቢሆን፥ እነዚህን ሽማግሎች በአበል ጠርተው ተማሪ ቢያስቀምጡላቸው ወጪው ቀላል ነው። ጥቅሙም ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ብቻ አይደለም፤ ሞተርን በጆሮው ማዳመጥ የተማረ ልጅ፥ ኮምፒዩተሩ የሚነግረውን ሲያነብ የሚያነበው ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ወጣቱ ሰብሳቢም ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ የመካኒኩን ስልክ ቍጥር ጽፎ፥ «በዕረፍቴ መጥቼ አንድ ወር አብሬዎት ብሠራስ?» ብሎ ጠይቋቸዋል። «ቱታ ይዘህ ና» አሉት። ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አልመጣም፤ መካኒኩ ግን በየጊዜው «ያ ልጅ አልደወለም?» እያሉ መምህሩን ይጠይቃሉ።