የትኛውን ፊልም ከማን ጋር እንይ?

በከተማችን በአዲስ አበባ የፊልም ፌስቲቫል በተቃረበ ቁጥር የሚታደለውን የፕሮግራም ወረቀት አይታችሁት ይሆናል። ፊደሉ የደቀቀ፣ ፊትና ጀርባው በፊልም ስም የተሞላ፣ አንዱ ፊልም በአንድ አዳራሽ ሲጀምር ሌላው በሌላ አዳራሽ በዚያው ሰዓት የሚጀምርበት ወረቀት ነው። ጊዜ የተረፈው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲዘዋወር ሊሰነብት ይችላል። እኛ ግን ከሥራ የምንወጣው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያም የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀናል፤ ራት ይጠብቀናል፤ ያልታጠበ የተማሪ ልብስ ይጠብቀናል። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ፊልም የሚደርሰን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው።

እነዚያን ሁለት ሦስት ፊልሞች እንዴት እንምረጥ? ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያ ስህተቴን፣ ቀጥሎም የተማርኩትን ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት የመረጥኩት በዝና ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ማግኘቱን፣ በተከታዩም ዓመት በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ በሚባለው፣ ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ሽልማት መቀዳጀቱን ሰምቼ ነበር። «ይህንማ ሳላይ አልቀርም» ብዬ የረቡዕ ማታውን ትርዒት ያዝኩ።

ፊልሙ የሚጀምረው በ12 ሰዓት ነበር። እኔ ከታክሲ ወርጄ፣ ላቤን ጠርጌ አዳራሹ ስደርስ 12 ሰዓት ከ20 ሆኗል። «ጤዛ» ደግሞ ለዘገየ ሰው የሚመች ፊልም አይደለም። አንበርብር የተባለው ምሁር ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ታሪኩ አንድ ጊዜ ወደ ልጅነቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጀርመን አገር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በደርግ ዘመን ወደነበረችው አዲስ አበባ እየተመላለሰ ነው የሚተረከው። መነሻውን ያላየ ሰው መድረሻው አይገባውም። ርዝመቱም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከመካከሉ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ መብራቱ በርቶ ሰዉ ያጨበጭባል። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ቤቴ ስገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ልጆቼም ዳቦ በሻይ በልተው ተኝተዋል።

ያን ሌሊት ፊልሙን አማሁት። «ሲሉት ነው እንጂ» አልኩ። ዓመት ቆይቼ ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ዐርፌ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። የዚያ ሰው ብቸኝነት ለብዙ ቀን ከልቤ አልወጣም። ለካስ ያማሁት ፊልም ምንም አላጠፋም ነበር። የተሳሳተው ቀኑና ሰዓቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የፕሮግራሙ ወረቀት ሲደርሰኝ እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ፤ በእያንዳንዱ ፊልም አጠገብም አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ በስንትስ ሰዓት ያልቃል? ሁለተኛ፣ በምን ቋንቋ ነው? ሦስተኛ፣ ከማን ጋር ልየው? አራተኛ፣ አይተን ስንመለስ ቤት ውስጥ ምን እንነጋገራለን? ሽልማቱን የምጠይቀው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህ አሠራር እንዴት እንደጠቀመኝ በምሳሌ ልንገራችሁ። ትንሹ ልጄ ወጥ ቤት መግባት ይወዳል። ሽንኩርት ልላጥ፣ ወጡን ላማስል ሲል ዘመድ ይስቅበታል። «ምነው፣ ሴት ሆንክ እንዴ!» የሚለውም አይጠፋም። በወረቀቱ ላይ «ላምብ» የሚለውን ስም ሳይ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ይህ የያሬድ ዘለቀ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ አገር በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ ሲገባ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩ ግን የአንድ ትንሽ ልጅና የአንዲት በግ ነው። ኤፍሬም እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመዶቹ ዘንድ ይቀራል። ምግብ መሥራት የሚወድ ልጅ ነው። አጎቱ ይህን አይወድለትም፤ የሚወዳትንም በግ ለበዓል እንዲያርዳት ያዘዋል። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ያነሰ፣ ቋንቋው አማርኛ ነው። እሑድ በቀን ወሰድኩት። ሲመለስ ከታክሲው ሳይወርድ «እማ፣ ሳምቡሳ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመድ ሲስቅበት አያፍርም፤ ማማሰያውንም አይለቅም።

ከልጅ ጋር የማይታይ፣ ከሥራ ጓደኞች ጋር ግን ሊታይ የሚገባው ፊልምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ በፊስቱላ የተጎዱ እኅቶቻችንን የሚከተል አንድ ዘጋቢ ፊልም አለ። ምጥ ቀናት ሲፈጅና የሚረዳ ሐኪም ሲታጣ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ ባል የሸሻቸው፣ ጎረቤት ያገለላቸው ሴቶች ከየገጠሩ በእግርና በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይመጣሉ። የሚመጡትም ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 ወዳቋቋሙት ሆስፒታል ነው። ይህንን ከሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር አየሁት። በማግስቱ በሻይ ሰዓት አንደኛዋ ጓደኛችን ለዓመታት ከእኛ የሸሸገችውን የራሷን የወሊድ ጣጣ አንሥታ ተናገረች። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ስንጠጣ አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደከበደኝ ምርጫ ልምጣ።

እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ጥንት በከተማችን የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ታውቃላችሁ፤ እናቴም ስንቀልድባት ይህንኑ ስም እየጠራች ነው የምትመልስልን። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ስለምታነብ ከሥር ትርጉም የሚሮጥበት ፊልም አይሆንላትም። በዚህም የተነሣ የሴኔጋላዊው የኡስማን ሴምቤን «ሙላዴ»፣ ከግርዛት የሸሹ ሕፃናትን አንዲት ሴት እንዴት እንዳስጠለለች የሚናገረው፣ ለእሷ የሚመች አልነበረም።

ሴት ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጊዜ ወረቀቱን ተቀበለችኝና «ድፍረት» በሚለው ላይ ክብ አደረገችበት። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው በ1990ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋንም በራሱ ጠመንጃ ገደለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ርዕሱ በአማርኛችን ሁለት ፊት እንዳለው ልብ በሉ። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ መደፈርም ከዚያው ግስ ይወጣል።

እናቴ ምስር ስትለቅም ኖሮ፣ «ስለ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጄም «ስለ ተጠለፈች ልጅ ነው፣ እማማ» አለቻት። እናቴ ምስሩን ትንሽ ለቀመችና፣ «እኔንም ውሰዱኝ» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። እናቴ እንዴት እንዳገባች ከአክስቴ አፍ ሰምቼ አውቃለሁ። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ነው ጎረምሶች የወሰዷት። የወሰዳት ሰው አባቴ ነው። በቤታችን ይህ ነገር «ስትዳር» ተብሎ ይታለፍ ነበር እንጂ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ልጄም ምንም አታውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ባለቤቴ «የሻረ ቁስል ለምን ይነካካል?» አለኝ። እኔም «ቦታ ሞልቷል» ብዬ ልዋሻት ምንም አልቀረኝም ነበር።

በመጨረሻ ግን ቡና ሲፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ፈረሰኞቹንም፣ ጥይቱንም፣ ፍርድ ቤቱንም አልደበቅኳትም። «እማዬ፣ ከከበደሽ አንሄድም። ከሄድንም በር አጠገብ እንቀመጣለን፤ ባሻሽ ሰዓት እንወጣለን» አልኳት።

«የሚሞተው ማን ነው? ልጅቷ ናት ሰውዬው?»

«ሰውዬው ነው።»

«እንግዲያ እሄዳለሁ» አለች።

ሄድን። በር አጠገብ ተቀመጥን። ፈረሰኞቹ ሲመጡ እናቴ እጇን ዘረጋች፤ የያዘችው የእኔን ሳይሆን የልጅ ልጇን እጅ ነው። እስኪያልቅ አልለቀቀችም። አላለቀሰችም፤ እንውጣም አላለችም። ታክሲ ስንጠብቅ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«14» አለቻት ልጄ።

«እኔ 13 ነበርኩ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ ግን በዝግታ ቀጠለች። «እንስራው ተሰበረ። የእናቴ እንስራ ነበር» አለች። ቤት ከገባን በኋላም ለልጄ ነገረቻት፤ እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን ጭምር። በመጨረሻም ወደ እኔ መለስ ብላ፣ «አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለችኝ።

በማግስቱ ልጄ ሕጉን ማወቅ ፈለገች፤ አብረን ፈለግን። ለእናንተም ልጆች ይጠቅማልና ልንገራችሁ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከቅጣት እንዲድን መንገድ ትቶለት ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያንን ማምለጫ ዘግቶ፣ ለማግባት ብሎ ሴት የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። ልጄ ይህን በደብተሯ ጽፋ ለአያቷ አነበበችላት። እናቴ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ድገሚልኝ» አለቻት።

እኅቶቼ፣ እኔ በፍርሃቴ መርጬ ቢሆን ኖሮ እናቴ ቤት ትቀር ነበር። «አይሆንላትም» ብዬ ስለ እሷ እኔ እወስንላት ነበር። በዚያ በታላቁ ጉዳይ ጠያቂ ያላገኘች ሴት፣ በዚህ በትንሹ ጉዳይ እንኳ ሳትጠየቅ ልትቀር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በአራቱ ጥያቄዎቼ ላይ አምስተኛ ጨምሬያለሁ፤ ይኸውም «የሚያየውን ሰው ጠይቄዋለሁን?» የሚል ነው። የሚከብድ ፊልም ከሆነ አስቀድሜ እነግራለሁ፤ ከዚያ ምርጫው የራሱ የባለቤቱ ነው። ልጅም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን፣ አዛውንትም ቢሆን።

ቀሪው ብልሃት እናንተም የምታውቁት ነው። ረጅሙን ፊልም ለቅዳሜና ለእሑድ አቆዩት። ልጆች ከጎረቤት ጋር በተራ ይጠበቁ፤ ዛሬ እኔ፣ ነገ አንቺ ተባባሉ። ሁለት ፊልም አይቶ ስለ ሁለቱ በሚገባ መነጋገር ስድስት አይቶ ሁሉንም ከመርሳት ይሻላል። ያመለጣችሁም አይቆጫችሁ፤ ጥሩ ፊልም ተመልሶ የሚታይበት ቀን አያጣም።

አዲሱ ወረቀት በዚህ ሳምንት ቤታችን ገብቷል። ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ስትለቅም አገኘኋት። ቀና ብላም አየችኝና «እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼኛው ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ።