ለአንድ ጥርስ ስንት ፈቃድ?

ሰሞኑን ከግራ መንጋጋዬ አንድ ጥርስ ጎድሏል። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ለአደባባይ የሚቀርበው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት መጻፍ የለመደ ብዕር ወደ መንጋጋ ሲወርድ ያስተዛዝባል። ነገር ግን ጥርሴን የበላው ትል ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ ማጣትም ነው። ፈቃድ ጠያቂና ፈቃድ ሰጪ ባሉበት ሁሉ ደግሞ ፖለቲካ አለ።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ወራት በፊት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ድንገተኛ ውጋት ሲሰማኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ አየችውና፣ «ቀዳዳው ገና ነርቩ ጋ አልደረሰም፤ በአንድ ቀጠሮ ይሞላል» አለችኝ። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ ለማክሰኞ ጠዋት ቀጠረችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት የአለቃዬን በር አንኳኳሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የታመመ የሚጠይቁ፣ ለቅሶ የሚደርሱ ሰው ናቸው።

«ነገ ጠዋት ለጥርስ ሕክምና ሁለት ሰዓት ቢፈቅዱልኝ» አልኳቸው።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ብዙም አላመመኝ፤ ሳይብስ ለማስሞላት ነው።»

«ካላመመህማ ምን አስቸኮለህ? ይህ የሪፖርት ሳምንት ይለፍና ትሄዳለህ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሪፖርቱ አለፈ፤ ኦዲተሮች መጡ። ኦዲተሮቹ ሄዱ፤ የበጀት ዝግጅት ተተካ። ደጋግሞ መጠየቅ ደግሞ በእኛ መሥሪያ ቤት «ሥራ የማይወድ» የሚል ስም ያሰጣል። ለጥርሴ ብዬ ጥርስ ውስጥ እንዳልገባ ሠጋሁ። ጥርሴን ነክሼ ልቻለው ብልም፣ የሚነከሰው ጥርስ ራሱ ታማሚው ሆነብኝ።

እንቅልፍ ባጣሁበት አንድ ሌሊት ሕጉን ገለጥኩ። የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 ተክቶ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለታመመ ሰው ቸር ነው። ሠራተኛው በሕመም ምክንያት ሥራ መሥራት ካልቻለና የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ፣ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ከነደመወዙ 3 የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዟ ሳይቆረጥ ትሄዳለች።

ለእኔ ቢጤው ግን ቦታ አጣሁለት። መሥራት አላቃተኝም፤ ስለዚህ ሕመምተኛ አይደለሁም። ዘመድ አልሞተብኝም። እርጉዝ አይደለሁም። እንዳይታመም የፈለገ ሰው በሕጉ ውስጥ ስም የለውም ማለት ነው። የቀረኝ የዓመት ፈቃዴ ነበር። እርሱም ከመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ተነሥቶ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበት ዕረፍት ነው። መቼ እንደሚወሰድ ግን በአሠሪው ፕሮግራም ይወሰናል፤ የእኔ ተራ ደግሞ ገና ሩቅ ነበር።

ወረድ ብዬ ሳስበው ችግሩ ከአንቀጽም አልፎ ከስሙ የሚጀምር መሰለኝ። በቋንቋችን ከሥራ የምንለይበትን ጊዜ ሁሉ የምንጠራው «ፈቃድ» ብለን ነው፤ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ። ቃሉ ፈቃጅን ይጠራል። በሕግ የተጻፈ መብት እንኳ ከአለቃ ጠረጴዛ ሲደርስ ችሮታ መስሎ ይታያል። ሠራተኛው አንገቱን ሰብሮ ይገባል፤ አለቃው ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥ ያህል ይሰማዋል።

መብት ችሮታ በሆነበት ቤት ውሸት ይነግሣል። በየቢሮው አክስትና አጎታቸውን ደጋግመው የሚቀብሩ ባልደረቦች እንዳሉን ሁላችንም እናውቃለን። «ሐዘን ደርሶብኝ ነው» ያለውን ማንም አይከራከረውም፤ «ጥርሴን ሳይብስብኝ ልታከም» ያለው ግን ይመረመራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው፤ እኛ ግን በሽታውን ገና በለጋው የገለጠውን እናሳፍራለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የአፍ ውስጥ በሽታ አለበት። ከእነዚህ መካከል ስንቱ አለቃውን ፈርቶ እንደዘገየ የሚቆጥር ግን የለም።

በአራተኛው ወር ፊቴ አበጠ። ያኔ አለቃዬ ራሳቸው፣ «ምን ትጠብቃለህ? አሁኑኑ ሂድ እንጂ!» ብለው አስወጡኝ። ሐኪሟ ሁለት መንገድ አቀረበችልኝ። አንደኛው እብጠቱ ከበረደ በኋላ የጥርሱን ሥር አክሞ ማዳን ነው፤ ቢያንስ ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል። ሁለተኛው ነቅሎ መገላገል ነው፤ አንድ ቀጠሮ ይበቃዋል። ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት በልቤ ያሰላሁት የአለቃዬን በር ነበር። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት አልቻልኩም። «ይነቀል» አልኩ።

ይህን ስጽፍ ከሳሽ ብቻ ሆኜ ልወጣ አልችልም። እኔም በክፍሌ የአራት ሰዎች ኃላፊ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከእነርሱ አንዷ ለተመሳሳይ ሕክምና ግማሽ ቀን ጠይቃኝ ነበር። ፈቅጄላታለሁ፤ በዚያም ራሴን ደግ ሰው አድርጌ ቆጥሬ ነበር። ግን ስፈቅድ፣ «ለዛሬ ብቻ ነው፤ ደግሞ እንዳትለምጂው» ማለቴን አስታውሳለሁ። ከወር በኋላም የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ተከታታይ ምሽቶች አስቆየኋት። እንቢ አላለችም፤ ባለዕዳ አድርጌያት ነበርና። የትርፍ ሰዓት ክፍያዋን እንኳ አልጠየቀችም፤ እኔም አላነሣሁላትም። ጥርሴ ከተነቀለ በኋላ ባለው ሰኞ ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት። ሳቅ ብላ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ያኔ'ኮ ውለታ ውለውልኛል» አለችኝ። ከመንቀያው ይልቅ የጠዘጠዘኝ ይህ መልሷ ነው።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅን አይፈልግም። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን መብት ነው፤ ከዚያ የተሻለውን በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መጻፍ አይከለክልም። በዓመት ጥቂት ሰዓታት ለሕክምና ቀጠሮ ብሎ መወሰን፣ ሠራተኛውም አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ማድረግ፣ ከቀጠሮውም ሲመለስ ወረቀቱን እንዲያሳይ መጠየቅ ለማንም ድርጅት የሚከብድ አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ለክፍሌ ሰዎች ቃል ገብቻለሁ፤ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ቀጠሮውን ይነግረኛል እንጂ አይለምነኝም። የትርፍ ሰዓቱም ጉዳይ ዘግይቶም ቢሆን ለፋይናንስ ተጽፏል።

ለአለቃዬ ግን ይህን ሁሉ ገና አልነገርኳቸውም። በቀኝ በኩል ሌላ ጥርስ ቀዝቃዛ ውኃ መፍራት ጀምሯል። የፊታችን ሰኞ በራቸውን አንኳኩቼ፣ «ረቡዕ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ አለኝ» ልላቸው ቆርጫለሁ። «ቢፈቅዱልኝ» የምትለዋን ቃል እንዳልጨምርባት ጸልዩልኝ።

ቸር እንሰንብት!